ሁለት መሪ፣ አንድ እጅ

ልጄ፣

ባለፈው እሑድ በስልክ «አጎቴ፣ ጀልባዋ ጣሪያ ላይ ሁለተኛ መሪ ላስገጥም ነው» ስትለኝ ደስታህ ከድምፅህ ያስታውቅ ነበር። የአሥር ሜትር የብረት ጀልባ፣ ጋቢናዋ ከፊት፣ ናፍጣ ሞተሯ ከወለሉ ሥር፣ ሠላሳ ሰው ጭና ከባሕር ዳር ዘጌ የምትመላለስ! የእህቴ ልጅ እንዲህ ያለ ንብረት ሲይዝ እኔም ቀና ብዬ እሄዳለሁ። ጣና ላይ መጀመሪያ ሞተሪስታ፣ ኋላም ካፒቴን ሆኜ በኖርኩበት ዘመን ሁለት መሪ ያላቸውን ጀልባዎች ነድቻለሁ። አንዷን ራሴ ገጥሜላታለሁ፤ በእሷም የተነሣ ሰው ተጎድቶብኛል። የምነግርህ ከዚያ የተማርኩትን ነው። ካቮ ሳትገዛ፣ በያጅ ሳትጠራ አንብበው።

1. ከላይ ሆነህ ምን ማየት እንደምትፈልግ ለይ።

ጋቢና ውስጥ ተቀምጦ ለሚነዳ ሰው ጣና ብዙ ነገር ይደብቅበታል። የጠዋት ፀሐይ ውኃው ላይ ሲያርፍ ዓይን ይወጋል። የደንገል ታንኳ ከውኃው ብዙም ከፍ አትልም፤ ትንሽ ማዕበል ካለ ቀዛፊው ብቅ ጥልቅ ሲል ብቻ ነው የምታየው። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ ደግሞ እንቦጭ መጥቷል። በተለይ በሰሜንና በምሥራቅ በኩል ነፋስ የገፋው እንቦጭ ከጋቢና ሲታይ ቀጭን አረንጓዴ መስመር ይመስላል። ከፍ ብለህ ስታየው ግን ስፋቱም መውጫውም ይለይልሃል። ለዚህ ከሆነ ከፍታ ይጠቅምሃል።

ድንጋይ ለማየት ብለህ ከሆነ ግን አይጠቅምህም። የጣና ውኃ ደለል የጠጣ ነው፤ በክረምት ክንድህን ብታጠልቅ መዳፍህ አይታይህም። ሐይቁ በጥልቁ ቦታ እንኳ ከ14 ሜትር ብዙ አያልፍም፤ ዳር ዳሩን ደግሞ ጥልቀቱ ከወቅት ወቅት ይለዋወጣል። በ1995 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ሐይቁ ክፉኛ ጎድሎ ትልልቆቹ ጀልባዎች ለወራት ቆመው ነበር። ያኔ ብቅ ያሉትን ድንጋዮች አንድ በአንድ አይቻቸዋለሁ፤ ዛሬም ውኃ ሸፍኗቸው ሳልፍ በልቤ እቆጥራቸዋለሁ። አንተ ያን ስላላየህ ጥልቀት መለኪያህ ሁለተኛ ማሳያ ይኑረው፤ አዲሱ መሪ ባለበት ቦታም ይታይህ።

2. ጣሪያ ላይ አትውጣ።

ይህን ስትሰማ ቅር እንደሚልህ አውቃለሁ። ጣሪያ ላይ ወንበር፣ መሪ፣ ከላዩም ጥላ ያላት ጀልባ ታምራለች፤ ቱሪስትም ትስባለች። ነገር ግን አንተ ስትወጣ መንገደኛው ይከተልሃል። አንዱ ፎቶ ሊያነሣ ይወጣል፣ ሁለቱ ሊያወሩህ ይወጣሉ፣ ከባሕር ዳር ብዙ ሳትርቅ ስድስት ሰው ጭንቅላትህ ዙሪያ ይቆማል። «ውረዱ» ብትል ለጊዜው ይወርዳሉ።

እኔ ብሆን የማደርገው ይህን ነው። ከጋቢናው ጀርባ 70 ሴንቲሜትር ከፍ ያለ መቆሚያ በላሜራ አሠራለሁ። ጣሪያውን በዚያ ልክ አስቆርጬ ክዳን አደርግለታለሁ። መቆሚያው ላይ ስወጣ ከደረቴ በላይ ያለው ከጣሪያው በላይ ይሆናል፣ እግሬ ግን እዚያው ጀልባዋ ውስጥ ነው። ዓይንህ የሚፈልገውን ከፍታ ታገኛለህ፣ ክብደቱ ታች ይቀራል፣ ለሁለተኛ ሰው መቆሚያ የለም። ካቮውና ቱቦውም ያጥራሉ። ዝናብ ሲመጣ ክዳኑን ዘግተህ ወደ ጋቢናህ ትመለሳለህ። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣና ማዕበሉ ነጭ ሲለብስ ደግሞ ከዚያ ከፍታ ላይ መቆም አትፈልግም፤ ጋቢናው ያን ጊዜ ያስፈልግሃል።

3. ጣሪያው ይሁን ካልክ አስቀድመህ በኬሻ ሞክራት።

ስድስት ሰው በአማካይ 65 ኪሎ ቢመዝን 390 ኪሎ ነው። ያ ክብደት ወለል ላይ ሲቀመጥና ከውኃው ሁለት ሜትር ተኩል በላይ ሲሰቀል አንድ አይደለም። ከፍ ባለ ቁጥር ጀልባዋ ዘንበል ስትል ቀና የሚያደርጋትን ኃይል ይበላባታል። ከዚያ ደግሞ ሰው እንደ ኬሻ አይቀመጥም። ጉማሬ የታየ ቀን ሁሉም ወደ አንድ ጎን ይሮጣል።

ስለዚህ ስምንት ኬሻ አሸዋ፣ እያንዳንዱ 50 ኪሎ፣ ጣሪያው ላይ አውጣ። ውኃው በተረጋጋበት ማለዳ፣ ከወደቡ ሳትርቅ፣ ማንንም ሳትጭን ሞክር። መጀመሪያ መሐል ላይ ደርድራቸውና ከውኃው እስከ ጀልባዋ ጠርዝ ያለውን በሜትር ለካ። ከዚያ አንድ በአንድ ወደ አንድ ጎን ወስዳቸው፤ በእያንዳንዱ ኬሻ እንደገና ለካ። ስምንቱም ሳይሻገሩ ጠርዙ የመጀመሪያ ከፍታውን ግማሽ ካጣ፣ ጀልባዋ እምቢ ብላሃለች። እዚያው አቁም፣ ኬሻውን አውርድ፣ ወደ ሁለተኛው ምክሬ ተመለስ።

4. መሪውን ወደ ሃይድሮሊክ ቀይር።

አሁን ያለህ መሪ በካቮ የሚሠራ ነው። ሁለተኛ ካቮ ስበህ ሌላ መሪ መጨመር ይቻላል። ግን አንዱን ስታዞር ሌላውም ይዞራል፤ የሁለቱንም ካቮ ሰበቃ የሚሸከመው ያንተ ክንድ ነው። ከዚያም የከፋ አለ። ዛሬ ከሚሸጡት የካቮ መሪዎች ብዙዎቹ ውኃ ውስጥ ያለው የመሪ ክንፍ መልሶ እንዳይገፋቸው ራሳቸውን የሚቆልፉ ናቸው። እነዚያን ሁለት አድርገህ አንድ ክንፍ ላይ ካሰርካቸው አንዱ ሌላውን ጨምድዶ ይይዘዋል። ሻጩ ይህን ላይነግርህ ይችላል።

ሃይድሮሊኩ ለሁለት መሪ ይመቻል። ከእያንዳንዱ መሪ ጀርባ ትንሽ የዘይት ፓምፕ ይቀመጣል። የሁለቱም ቱቦዎች ክንፉን ከሚገፋው አንድ ሲሊንደር ጋር ይገናኛሉ። ፓምፖቹ ውስጥ ያሉት ቫልቮች ዘይቱ ወደኋላ እንዳይመለስ ስለሚዘጉ የላይኛውን ስታዞር የታችኛው ፀጥ ብሎ ይቆማል። ሌላ ቱቦ ደግሞ ሁለቱን ፓምፖች እርስ በርስ ያገናኛል፣ ዘይቱ በመካከላቸው እንዲመጣጠን። ገጣሚ ይህን ቱቦ «ትርፍ ነው» ብሎ ሊዘለው ሲል እጁን ያዘው።

አንዲት ትንሽ ክዳን ስንቱን እንዳስለቀሰች ልንገርህ። ዘይት የሚሞላው ከላይኛው ፓምፕ ነው። የላይኛው ፓምፕ ክዳን አየር የሚያስገባ ቀዳዳ ይኖረዋል፤ የታችኛው ግን ድፍን መሆን አለበት። ባለ ቀዳዳው ታች ከተገጠመ ከላይ ያለው ዘይት በራሱ ክብደት እየወረደ በታችኛው ክዳን በኩል ጋቢናህ ውስጥ ይፈስሳል፤ የላይኛው ፓምፕም በዘይት ፈንታ አየር ይጠጣል። ያን ጊዜ መሪውን ስታዞረው እንደ ስፖንጅ ይለሰልስብሃል፣ ክንፉም አይሰማህም። ቱቦውንም ስትዘረጋ እንደ ግመል ጀርባ አታጉብጠው። ጉብታው ላይ አየር ይታሰርና ስታስወጣው ብትውል አይወጣም። ከሲሊንደሩ ወደ ፓምፑ ቀስ እያለ ሽቅብ ይሂድ።

ሌላም ልብ በል። በካቮ መሪ ጊዜ መሪው የቆመበትን አይተህ ክንፉ ወዴት እንዳለ ታውቅ ነበር። በሃይድሮሊክ ያ ምልክት ይጠፋል፤ በተለይ ሁለት መሪ ሲሆን የአንዱ አቋም ስለ ክንፉ ምንም አይነግርህም። ክንፉ ቀጥ ማለቱን የሚያሳይ ጌጅ በሁለቱም ቦታ አስቀምጥ። ከወደብ ስትነሣ ክንፉ ወደ ግራ ተጠምዝዞ እንደቀረ ካላወቅህ፣ ነዳጅ የሰጠህ ለት ጀልባዋ ጎረቤት ጀልባ ላይ ትወጣለች።

5. ማርሹና ነዳጁ ላይ ግን ትንፋሽህን ሰብስበህ ሥራ።

አሁን ሰው የተጎዳበትን ያን ቀን ልንገርህ። ወጣት ነበርኩ፤ ሁለተኛውን የማርሽና የነዳጅ እጀታ ራሴ ገጠምኩት። ያደረግሁት ቀላል ነበር፦ የላይኛውን እጀታ በካቮ ከታችኛው እጀታ ጋር አሰርኩት፣ የታችኛው ደግሞ እንደ ድሮው ከሞተሩ ጋር እንደታሰረ ነው። የላዩን ስስብ የታቹም አብሮ ይሳብ ነበር። ለሁለት ወር እንደ ሰዓት ሠራ።

የዘጌ ወደብ ላይ ስንደርስ ሰው ሞልቶ ነበር፤ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ሊሳለሙ የመጡ ናቸው። እኔ ላይ ነኝ። ፍጥነት ቀንሼ ፎሌ ላይ ላደርጋት፣ ከዚያም ወደኋላ ማርሽ አስገብቼ ላቆማት እጀታውን ሳብኩ። አልመጣም። ደግሜ ሳብኩ፤ ካቮው ተቀስቶ ከሽፋኑ ሲወጣ አየሁት። ታች ጋቢና ውስጥ አንድ መንገደኛ ያስቀመጠው ሃያ ሊትር ጄሪካን ተንሸራትቶ የታችኛውን እጀታ ተደግፎ ቆሟል። እኔ ያን አላይም። ጀልባዋ ወደፊት እየሄደች የወደቡን ድንጋይ መታችው። ለመውረድ ቀድመው የተነሡ አንዲት እናት ድንጋዩን ሊይዙ እጃቸውን ዘርግተው ነበር። የእጃቸው አንጓ በጀልባዋና በድንጋዩ መካከል ተሰበረ። ነጠላቸውን ቀድጄ ሳስርላቸው «አይዞህ ልጄ» ያሉኝ እሳቸው ናቸው። ያን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ስለዚህ እጀታን ከእጀታ ጋር አትሰር። ለሁለት ቦታ ተብሎ የተሠራ ማገናኛ ሣጥን አለ፤ ሞተሩ አጠገብ ይቀመጣል። ከሁለቱም እጀታዎች የሚመጡትን አራት ካቮዎች ይቀበላል፤ ወደ ሞተሩ የሚያወጣው ግን ሁለት ብቻ ነው፣ አንድ ለማርሽ፣ አንድ ለነዳጅ። እጀታዎቹ እርስ በርስ አይነካኩም። አንደኛውን ለመጠቀም ሌላው ፎሌ ላይ መሆን አለበት፤ ይህ የሣጥኑ ሕግ ነው። ሣጥኑ ውድ ነው። የሌላውን ወጪ ቀንስ እንጂ ይህን አትቀንስ። ታች ያለው እጀታ ደግሞ አንተ ላይ ስትሆን ፎሌ ላይ የሚቆልፍ መቀርቀሪያ ወይም የላሜራ ሽፋን ይኑረው፤ ሕፃንም ጄሪካንም እንዳይደርስበት።

ካቮ የሚወደው ቀጥታ መንገድ ነው። ማጠፍ ግድ ሲሆን የመታጠፊያው ሬዲየስ ከ20 ሴንቲሜትር አይነስ። ከዚያ ካጠበብከው ውስጡ ያለው ሽቦ ሽፋኑን እየፋቀ ይከብዳል፣ አንድ ቀንም ይነክሳል። ርዝመቱን በዓይን አትገምት፤ ያጠረ ካቮ ይወጠራል፣ የረዘመም ቦታ አጥቶ ይጠመዘዛል። ገጥመህ ስትጨርስ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ አንድ ሰው ማርሽ ሣጥኑ አጠገብ ይቀመጥ። አንተ ከላይም ከታችም ፊት፣ ፎሌ፣ ኋላ እያደረግህ እሱ ማርሹ ላይ ያለችው ማንሻ እስከ መጨረሻው መግባቷን ይንገርህ። ከታች ሙሉ የገባ ማርሽ ከላይ ግማሽ ብቻ የሚገባ ከሆነ ውስጡ ያለው ዲስክ እየተንሸራተተ ይነዳል፤ ጭሱን ስታይ ጊዜው አልፏል።

በኤሌክትሪክ የሚሠራም አለ፤ እጀታዎቹ ፎሌ ላይ ሆነው አዝራር ስትጫን ትእዛዙ ወደ አንተ ይዞራል፣ መብራትም ይነግርሃል። ጥሩ ነገር ነው። ግን ቦርዱ ሐይቅ መሐል ሲበላሽ የሚጠግነው ሰው እዚያ አገር አላውቅም። ካቮ ከሆነ ግን በፒንሳና በካቻቢቴ ቤትህ ትደርሳለህ።

6. ሞተሩን ማጥፊያ በሁለቱም ቦታ ይኑርህ፤ ከማርሽና ከነዳጅ ካቮው ጋር ምንም ዝምድና የሌለው። ናፍጣ ሞተር የሚጠፋው ነዳጁ ሲቋረጥ ነው፤ ለብቻው የሚሳብ ካቮ ይሁን ወይም በኤሌክትሪክ የሚዘጋ ቫልቭ፣ ዘዴውን አንተ ምረጥ። ያን ቀን ላይ ሆኜ ማጥፊያ ቢኖረኝ እጄ ወደዚያ ይሄድ ነበር።

7. ስለ ኤሌክትሪክና ስለ ጌጅ።

ሞተሩ ማርሽ ውስጥ እያለ እንዳይነሣ የሚከለክል ስዊች በሁለቱም እጀታ ላይ ይኑር። ሁለቱ ተከታትለው በአንድ መስመር ይታሰሩ፤ ሁለቱም ፎሌ ላይ ካልሆኑ ሞተሩ አይነሣ። ማስነሻ አዝራሮቹ ግን ጎን ለጎን ነው የሚታሰሩት፤ ከየትኛውም እንዲነሣ። ኤሌክትሪክ ሠሪው እነዚህን ሁለቱን እንዳያቀያይርብህ ቆመህ እይ።

የሙቀትና የዘይት ጌጅ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሞተሩ ላይ ያለችው ሴንሰር ለአንድ ጌጅ የተሠራች ናት። ሁለተኛ ጌጅ ጎን ለጎን ስትጨምርባት ሁለቱም የተሳሳተ ነገር ያነብባሉ፤ እየጋለ ያለ ሞተር ደህና መስሎ ይታይሃል። ለሁለት ጌጅ ተብላ የተሠራችውን ሴንሰር ጠይቀህ ግዛ። ከላይ ሆነህ ነፋሱ የሞተሩን ድምፅ ስለሚወስድብህ ጆሮህን አትመን፤ የሚጮህ ማስጠንቀቂያ አስገጥም። ክላክስም ላይ ይኑር፤ ታንኳ ቀዛፊ የሚሰማህ በእሱ ነው።

8. ሁለት መሪ ስላለህ መጠባበቂያ ያለህ አይምሰልህ።

ሁለቱ ፓምፖች የሚጋሩት አንድ ዘይትና አንድ ሲሊንደር ነው። አንድ ቱቦ ከፈነዳ ሁለቱም መሪዎች እኩል ይሞታሉ። ስለዚህ የክንፉ ዘንግ ጫፍ ላይ የሚገባ ጠንካራ የእጅ ዘንግ አስበይድና ጀልባዋ ውስጥ በታወቀ ቦታ አስቀምጥ። ዘንጉን ከመግፋትህ በፊት ሲሊንደሩ ላይ ያለውን ማለፊያ ቫልቭ መክፈት አለብህ፤ ካልከፈትከው ውስጡ የቀረው ዘይት ክንፉን ቆልፎ ይይዘዋል። ረዳትህ ቫልቩን በጨለማ ዳብሶ እስኪያገኘው ድረስ አለማምደው። በዓመት ሁለት ጊዜ ሐይቁ መሐል ሞተሩን አዘግይታችሁ በእጅ ዘንግ ብቻ ንዱ።

9. መሪ ስትቀባበሉ ርክክቡን በቃል አድርጉት።

ጀልባዋ በሁለት ሰው እጅ እንዳትሆን፣ ከሁሉ የከፋው ደግሞ በማንም እጅ ሳትሆን እንዳትሄድ። እኔና ረዳቴ ከዚያ አደጋ በኋላ እንዲህ እናደርግ ነበር። ላይ ያለው ማርሹን ፎሌ ላይ ያደርጋል፣ ክንፉን ቀጥ ያደርጋል። ታች ያለው የራሱ እጀታ ፎሌ ላይ መሆኑን በእጁ ነክቶ ያረጋግጣል፤ በዓይን ብቻ አይበቃም። ከዚያ መሪውን ይዞ ድምፁን ከፍ አድርጎ «መሪው በእጄ ነው» ይላል። ላይ ያለው «ለቅቄያለሁ» የሚለው ያን ሲሰማ ነው፤ ሳይሰማ እጁን አያነሣም። ብቻህን ስትሆንም ቃሉን ለራስህ ተናገረው። መንገደኛ ይገረም፤ ተወው።

ይህን የምታደርገው ክፍት ውኃ ላይ ነው። ደሴት አጠገብ፣ ታንኳ በአካባቢህ እያለ፣ ወደብ ሲቀርብ አትቀያየር። የት ሆነህ እንደምታስጠጋት ሩቅ ሳለህ ወስን። የእኔ ምርጫ ታች ነው፤ ከላይ ሆነህ በጀልባዋ ጎንና በድንጋዩ መካከል የገባ እጅ አይታይህም።

10. ለጊዜው ምንም አትግዛ።

መጀመሪያ ሲባጎ ያዝ። ከሞተሩ አጠገብ ማገናኛ ሣጥኑ ከሚቀመጥበት ቦታ ጀምረህ ካቮው በሚሄድበት መንገድ ሁሉ እያስጠጋህ እስከ አዲሱ እጀታ ቦታ ድረስ ውሰደው። በየመታጠፊያው ቋጠሮ ቋጥር፤ ሬዲየሱ 20 ሴንቲሜትር የሆነ ትልቅ የድስት ክዳን አስጠግተህ መታጠፊያው ከክዳኑ ክብ የሚጠብ መሆኑን እይ፣ ከጠበበ ቀይ ክር እሰርበት። ለቱቦው ሌላ ሲባጎ። ሁለቱን ጠቅልለህ የጀልባዋን ወርድና የጣሪያዋን ከፍታ በወረቀት ጽፈህ በጠዋቱ አውቶቡስ ላክልኝ፤ ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ ወጥቼ እቀበለዋለሁ። እዚህ ግቢዬ ውስጥ ዘርግቼ አየዋለሁ፤ ቀይ ክር ከሁለት በላይ ካለበት መንገዱን አብረን እንቀይራለን።